የፎቶግራፍ ኮንትራስትና የመልክ እውነት

ፎቶግራፍ ማንሣት በአገራችን የጥቂት ሰዎች ሙያ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ያነሣውን ሥዕል እዚያው በእጁ እንደ ያዘ ማብራት፣ ማጥቆር፣ ማድመቅና ማደብዘዝ ይችላል። ቀድሞ በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒትና በወረቀት ምርጫ ይፈጸም የነበረው ሥራ አሁን በጣት ጫፍ የሚሠራ ሆኗል። ይህን የመሰለ ሥልጣን ለሁሉ መዳረሱ የሚያስደስት እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሥልጣን በተሰጠበት ስፍራ ሁሉ የሥልጣኑን ወሰን ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ መርጠን እንመረምራለን፤ ይኸውም የሥዕልን ኮንትራስት ስናበረታ የተፈጥሮ ቀለሙ ምን ይሆናል? የሚለው ነው።

ኮንትራስት የምንለው በአንድ ሥዕል ውስጥ በብርሃኑና በጥላው መካከል ያለውን ርቀት ነው። ርቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ ሥዕሉ ጉም የጋረደው ይመስላል፤ የሰውዬው አፍንጫ ከጉንጩ፣ ተራራውም ከሰማዩ አይለይም። ርቀቱ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ብርሃኑ ይነዳል፣ ጥላው ይደፈናል፣ በመካከል የነበረውም ሁሉ ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች ተገፍቶ ይጠፋል። ስለዚህ ኮንትራስት ለፎቶግራፍ እንደ ጨው ለወጥ ነው፤ ሲጎድልም ሲበዛም ያው ጣዕም ያጠፋል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን ኮንትራስት የብርሃን ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያዎቻችን ብዙ ጊዜ ቀለሙንም አብረው የሚያናውጡት መሆኑን ነው። የጽሑፋችን ዋና አሳብም ይኸው ነው፤ ብርሃንን ለማበርታት የተነሣ ሰው ቀለምን የመለወጥ ፈቃድ አልተሰጠውም።

ለትችታችን መሠረት ያደረግናቸው ሥዕሎች በምሥራቅ ጎጃም፣ ይልቁንም በቢቸናና በሞጣ ከተሞችና በሁለቱ መካከል ባለው አገር የተነሡ ናቸው። በየፎቶግራፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የሙሽሮችና የተመራቂዎች ምስሎች፣ ለበዓል መልካም ምኞት የሚላላኩት የመስክና የተራራ ሥዕሎች፣ እንዲሁም በቀን መቁጠሪያዎች ላይ የሚታተሙት ሁሉ በዚህ ይጠቃለላሉ። የማንንም አንሺ ስም አንጠራም፤ ነቀፌታችን በልማዱ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለምና።

መልካሙን አስቀድመን እንናገር። እነዚህ ወጣት አንሺዎች አገራቸውን ይወዳሉ፣ የሚወዱትንም ማየት ያውቃሉ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ በአንድ ወገን ጮቄን፣ በሌላው ወገን ወደ አባይ የሚያዘቀዝቀውን በረሃ እያየ ሲሄድ የሚሰማውን ስፋት በሥዕሎቻቸው ውስጥ ያገኘዋል። የሰውን ፊት ሲያነሡም እንደ ቀድሞው ተመልካቹን አፍጥጦ እንደ ምሰሶ የቆመ ሰው ሳይሆን፣ የሚስቅና የሚያስብ ሰው ያሳዩናል። ይህ እውነተኛ እድገት ነው። የምናዝነው ይህ ሁሉ ልፋት በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ሥዕሉ ሊላክ ወይም ሊታተም ሲል፣ በአንዲት መግፊያ ሲበላሽ ስናይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ የአገሩን ብርሃን ማሰብ ያስፈልጋል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ የደጋ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ይወርዳል፤ ጥላውም እንደ ቢላዋ ስለት ይቆርጣል። ባርኔጣ ወይም ጥምጥም ካደረገ ሰው ፊት ላይ ግንባሩ ጨልሞ ጉንጩ ያበራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ብርሃን የተነሣ ሥዕል ሲወለድ ጀምሮ ኮንትራስቱ የበረታ ነው። ዝቅተኛ ደመና ካንዣበበበት አገር ለመጣ ሥዕል የሚረዳው መድኃኒት ለዚህኛው መርዝ ሊሆን ይችላል። አንሺው ግን ይህን ሳይመዝን ለጉሙም ቀን ለቀትሩም ያንኑ መጠን ይጨምራል።

አሁን ደግሞ ወደ መሣሪያው ውስጥ እንግባ። ዲጂታል ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ደቃቅ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱም ነጥብ መልክ በሦስት ቍጥሮች ይጻፋል። አንዱ ቍጥር የቀይ፣ ሁለተኛው የአረንጓዴ፣ ሦስተኛው የሰማያዊ ብርሃን ልክ ነው፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ድፍን ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ድፍን ነጭ ይሆናል። ቀለም የሚባለው ነገር የሚወለደው ከሦስቱ ቍጥሮች ልዩነት ነው። ተራው የኮንትራስት መግፊያ በአብዛኛው የሚያደርገው ከመካከለኛው ቍጥር፣ ማለት ከ128፣ በላይ ያለውን ወደ ላይ፣ በታች ያለውን ወደ ታች መግፋት ነው። ይህንንም በሦስቱ ቍጥሮች ላይ ለየብቻ ያደርገዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱ ቍጥሮች ለየብቻ ሲገፉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይለወጣል፤ ልዩነቱ ተለወጠ ማለትም ቀለሙ ተለወጠ ማለት ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በምሳሌ እናስረዳ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች የሚሠሩበት፣ ከለርቼከር የሚባል ባለ 24 ሰሌዳ የቀለም መመዘኛ ካርድ አለ። የካርዱ የመጀመሪያ ሰሌዳ ጠቆር ያለ የሰው ቆዳን መልክ የሚወክል ነው፤ በኮምፒዩተር ቍጥር ሲገለጽም ብዙ ጊዜ ቀይ 115፣ አረንጓዴ 82፣ ሰማያዊ 68 ተብሎ ይጻፋል። ከአገራችን ሰው መልክ ብዙ የማይርቅ ጠይም ነው። እያንዳንዱ ቍጥር ከ128 ያለውን ርቀት በ1.4 ብናባዛው፣ ይህ መልክ ወደ 110፣ 64 እና 44 ይለወጣል። ቀዩ 5 ብቻ ሲወርድ አረንጓዴው 18፣ ሰማያዊው 24 ወረደ። በትልቁና በትንሹ ቍጥር መካከል የነበረው የ47 ልዩነት 66 ሆነ። በዓይን ሲታይ ይህ ማለት ፊቱ ጠቆረ፣ ጠቁሮም እንደ ተቃጠለ ሸክላ ቀላ ማለት ነው። ሰውዬው በቤቱ ሳለ እንዲህ ያለ መልክ አልነበረውም፤ ከፎቶግራፍ ቤቱ ይዞት ወጣ።

በብርሃኑ ወገን ያለው ጥፋትም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ፀሐይ ያረፈበት የቀላ ሰው ግንባር 230፣ 190 እና 150 ነበር እንበል። በዚያው መጠን ብንገፋው ቀዩ ወደ 271 መድረስ ነበረበት፤ ነገር ግን ከ255 በላይ ቦታ ስለሌለ እዚያው ተገትሮ ይቀራል፤ አረንጓዴው ግን 215 ይደርሳል። ቀዩ ቆሞ አረንጓዴው ሲከተለው ግንባሩ ወደ ብጫ ያዘነብላል። የሸማውንም ነገር እንይ። የአገር ቤት ጥጥ ነጭ ይባል እንጂ ነጭነቱ ሞቅ ያለ ነው፤ በቍጥር 235፣ 230 እና 220 ቢሆን፣ ኮንትራስቱ ሲበረታ ሦስቱም 255 ላይ ተደፍነው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ፈትሉና ሽመናው ጠፍቶ ሙሽራዋ ወረቀት የለበሰች ትመስላለች። የተመራቂውም ጥቁር ካባ እንዲሁ በታችኛው ዳርቻ ወደ 0 ወድቆ፣ እጥፋቱና ስፌቱ የማይታይ ጉድጓድ ይሆናል። ፈታይዋና ሸማኔው የደከሙበትን፣ ልብስ ሰፊው የለካውን ሁሉ አንዲት መግፊያ አጠፋችው።

አንባቢያችን፣ ታዲያ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር ነው? ይለን ይሆናል። ትልቅነቱን የሚያሳየን የራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ስለ ሰው መልክ ሲናገር ጥቁርና ነጭ ብሎ አያበቃም፤ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠየም ያለ፣ ጥቁር እያለ ደረጃ በደረጃ ይለያል። ከእነዚህ ስሞች የሚበዙት የመካከል ቀለሞች ስሞች እንደ ሆኑ ልብ እንበል። እናት ልጇን ለማያውቀው ሰው ስትገልጽ፣ ሽማግሌዎች የሙሽራይቱን መልክ ሲናገሩ፣ የጠፋ ሰው ሲፈለግ፣ የሚነገሩት እነዚህ ስሞች ናቸው። የበረታው ኮንትራስት ግን ጠላትነቱ ከመካከለኛው ጋር ነው፤ ጠይሙን ወደ ጥቁር፣ ብስል ቀዩን ወደ ቀይ ገፍቶ መካከሉን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ቋንቋችን በስድስት ስም የሚጠራውን ሕዝብ ሥዕላችን በሁለት ስም ብቻ የሚጠራው ይሆናል። አያት የልጅ ልጇን የምርቃት ፎቶግራፍ ተቀብላ «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብላ ብትጠይቅ ጥፋቱ የዓይኗ አይደለም።

የገበሬው ዓይን ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። በከብትና በፈረስ መልክ ዳልቻ፣ ቡላ፣ ወይኖ፣ ዛጎልማ፣ ቡሬ፣ ዳማ እያለ ይለያል፤ በሬው የጠፋበት ሰው በመልኩ ያስጠይቃል፣ በመልኩም ይመሰክራል። ዳልቻው በሬ በፎቶግራፍ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ያ ፎቶግራፍ ለምስክርነት አይበቃም። የጤፍንም ነገር ብናስብ፣ ቢቸናና አካባቢው የጤፍ አገር ነው፤ በገበያም ማኛው፣ ሰርገኛውና ቀዩ ጤፍ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ዛሬ ነጋዴ እህሉን በስልክ ሥዕል ልኮ በሚዋዋልበት ዘመን፣ ሰርገኛውን ነጭ አስመስሎ የሚያሳይ ሥዕል ከተዛባ ሚዛን በምን ይለያል? አፈሩም እንዲሁ ነው። ዋልካው መሬት ከቀይ አፈር የሚለየው በመልኩ ነው፤ ስለ እርሻ የሚያስተምር መምህር ቀለሙ የተናወጠ ሥዕል ይዞ ክፍል ቢገባ ተማሪው የሚማረው ያልተፈጠረ አፈር ይሆናል።

በመስከረም የሚላላኩት ሥዕሎች የዚህ ልማድ ዋና ማሳያ ናቸው። አደይ አበባ ብጫ ነች፤ ብጫነቷም ያለማንም እርዳታ ይበቃታል። በሥዕሎቹ ላይ ግን ብጫዋ ተግሎ እንደ መብራት ታበራለች፤ ገና ያልበሰለው ጤፍ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴነቱን ትቶ የፕላስቲክ መልክ ይይዛል፤ ሰማዩም ከተራራው ጫፍ ላይ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይወርዳል። ጮቄን ከሩቅ ያየ ሰው የተራራው መልክ በርቀት ምክንያት እየሳሳ ወደ ግራጫ ሰማያዊ እንደሚሄድ ያውቃል። ሩቁን ሩቅ የሚያደርገው ይህ መሳሳት ነው። ኮንትራስቱ ያለ ልክ ሲበረታ ይህ የአየር መጋረጃ ይቀደዳል፤ ተራራውም መጥቶ ከማሳው ጋር ይጣበቃል። አንሺው አገሩን አሳምራለሁ ሲል የአገሩን ስፋት ቀነሰው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የአባይ ነገር ነው። ፈረንጆች ሰማያዊ ብለው ቢጠሩትም፣ በክረምት አባይ ከጮቄ ተዳፋትና ከየማሳው የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ የሚወርድ ወንዝ ነው። ይህ ቡናማ መልክ ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው፤ የአገሩ ለም አፈር እየሄደ መሆኑን ይናገራል። ለውበት ሲባል ወንዙን የሚያሰመይ ሰው ይህን ምስክር አፉን ያስይዘዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ኮንትራስቱን ገፍቶ ወንዙን እንደ ደም የሚያቀላ ሰው ምስክሩን ያልተናገረውን ያናግረዋል። ሁለቱም ከእውነት ርቀዋል።

ፎቶግራፍ ምስክር ነው ስንል ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ በዚያው በሞጣ አገር የሆነውን እናስታውስ። በአባይ ላይ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ሰዎች በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩ ነበር። ይህንን አሻጋገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ላይ ወጣ፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሥዕሉን አይተው ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሰባራውም ድልድይ ተጠገነ። አንድ ሥዕል ይህን ያህል ያደረገው ያየው ሰው ስላመነው ነው። እምነት ደግሞ እንደ ሸክላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰበረ መጠገኛው ይቸግራል። ተመልካች የምንልክለት ሰማይ ሐሰት እንደ ሆነ ካወቀ፣ የምንልክለትን ገመድና ገደል ስለ ምን ያምናል?

የመጻሕፍትንም ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ በዚያ አገር ላይ በደል ይሆንብናል። ከቢቸና ብዙ የማይርቁት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም፣ እንዲሁም መርጡለ ማርያም በትምህርትና በብራና መጻሕፍት የታወቁ ናቸው። ዲማን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ በስም ያውቀዋል። በብራና መጽሐፍ ላይ ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቅዱሳት ስሞችና የምዕራፍ መነሻዎች በቀይ ይጻፋሉ፤ አንባቢውም በእርሱ ይመራል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በአገራችንና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር በኢትዮጵያ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ይህ ሥራ ታላቅ ውለታ ነው፤ ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ቀዩ ጽሕፈት ግራጫ ሆኖ ቀረ። የተለማመደ ዓይን ያን ግራጫ ከጥቁሩ በፈዛዛነቱ ይለየዋል። ዛሬ ያንኑ ሥዕል ይነበብልኝ ብሎ ኮንትራስቱን የሚያበረታ ሰው ግራጫውን ከጥቁሩ ያመሳስለዋል፤ ቀይ የነበረው ስም መታወቂያው ይጠፋል። አሁን በቀለም የሚነሡት ብራናዎችም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም፤ ጥቅጥቅ ያለው ቀይ ሲጨልም ወደ ጥቁር፣ የብራናው ወይባ መልክ ሲነጣ ወደ ወረቀት ይሄዳል። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ ሠራተኞች በገጹ አጠገብ የቀለም መመዘኛውን ካርድ አብረው የሚያነሡት።

በዚያው አገር ታሪክ ላይ የተደረገ ሌላም ነገር አለ። በቢቸና አገር ጠላትን የተዋጉትና በ1937 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም የተለዩት አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የሚታወሱበት ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው። በካናቴራና በፖስተር ላይ ሲታተም ግን ብዙ ጊዜ መካከለኛው ግራጫ ሁሉ ተነቅሎ ድፍን ጥቁርና ድፍን ነጭ ብቻ ይቀራል። ለዓርማ ይህ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን በሰው ፊት ላይ ድካምን፣ ዕድሜንና አሳብን የሚይዘው ያ መካከለኛ ግራጫ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ሰውዬው ይሄድና ጭምብሉ ይቀራል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስምም የሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። መሣሪያው ሁሉ ለእርሷ መልክ ስለ ተስተካከለ የጥቁር ሰው ፊት ጨልሞ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ኩባንያውን ወደ መሻሻል ከገፉት መካከል የቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው ቡናማ መልክ አልወጣ ያላቸው ነጋዴዎች ይገኙበታል፤ ከሰው ፊት ይልቅ የጠረጴዛ መልክ ቀድሞ ተሰማ ማለት ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ሰኔ ወር ደግሞ ታይምና ኒውስዊክ የተባሉት መጽሔቶች የአንዱን ጥቁር ተከሳሽ፣ የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን፣ ያንኑ የፖሊስ ፎቶግራፍ በሽፋናቸው አወጡ። ታይም ሥዕሉን አጨልሞ ስላተመው ሁለቱ ጎን ለጎን በታዩ ጊዜ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የጨለመው ፊት ገና ያልተፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ አስመስሎታልና። በ2021 ጎግል የስልኩን ካሜራ ለልዩ ልዩ የቆዳ መልኮች አስተካከልሁ ብሎ ሪል ቶን የሚል ስም ሰጠው። እንግዲህ ሌሎች ከስሕተታቸው ለመመለስ ሲጥሩ፣ እኛ በገዛ እጃችን የገዛ ወገኖቻችንን መልክ ብናጨልም ምን ምክንያት ይኖረናል?

ለክርክሩ ሌላ ወገን ጆሮ መስጠት ተገቢ ነው። አንዳንዶች «ፎቶግራፍ ጥበብ ነው፤ ጥበበኛም ተፈጥሮን የመቅዳት ግዴታ የለበትም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊያን ከመቼ ወዲህ ነው የተፈጥሮን ቀለም የጠበቁት?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀለሙ ድፍን፣ ድንበሩም የጠነከረ ነው፤ ደጋጎቹ በሙሉ ፊት፣ ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ። ነገር ግን ያ ሠዓሊ «ይህን ሰው በዚህ ቀን እንዲህ ሆኖ አየሁት» አላለም፤ ተመልካቹም የሚጠብቀው ትርጓሜን እንጂ ምስክርነትን አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ዝም ሲልም «እንዲህ ነበር» እያለ ነው። ጥበብ ሠራሁ የሚል ሰው ጥበብ መሆኑን ይንገረን፤ ያን ጊዜ ሰማዩን ወይን ጠጅ ቢያደርገው አንቃወመውም። ሌሎች ደግሞ «ደንበኛው የሚፈልገው ደማቁን ነው» ይላሉ። ደንበኛው ደማቅ የሚወደው ሌላ ስላልታየው ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከሙሽራዋ እናት ፊት አቅርቦ ልጇን የምትመስለው የትኛዋ እንደ ሆነች መጠየቅ ፍርዱን ያወጣዋል።

ነቅፎ መንገድ አለማሳየት የትችት ወግ ስላልሆነ መድኃኒቱንም እንናገር። አንደኛው ነገር የሚጀምረው ከማንሣቱ ነው፤ በቀትር ከማንሣት ይልቅ ጧት ወይም ወደ ማታ፣ አለዚያም በጥላ ሥር ማንሣት፣ የሸማው ነጭ እንዳይነድም ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ይረዳል። ካሜራው ጥሬውን ሥዕል የሚያስቀምጥ ከሆነም እርሱን መምረጥ ነው፤ ኋላ ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይሰጣልና። ሁለተኛው የነጩን መልክ ከሁሉ አስቀድሞ ማስተካከል ነው፤ ሰማያዊ ወይም ብጫ ያጠላበትን ሥዕል ኮንትራስቱን ብናበረታው ጥላውንም አብረን እናበረታለን።

ሦስተኛውና ዋናው ብርሃኑን ከቀለሙ ለይቶ መግፋት ነው። በፎቶሾፕ ከርቭ የሚባለውን ማስተካከያ በላይኛው ንጣፍ አድርጎ፣ የንጣፉን ሁኔታ ሉሚኖሲቲ ወደሚለው ማዞር ነው፤ ወይም ሥዕሉን ላብ ወደሚባለው አከፋፈል ለውጦ የብርሃኑን ክፍል ብቻ መንካት ይቻላል። ገንዘብ የማይከፈልበት ጊምፕም ብርሃንን ብቻ የሚነካ የንጣፍ ሁኔታ አለው፤ በስልክ ለሚሠሩም ስናፕሲድ በከርቭ ሥር የብርሃን ብቻ ምርጫ ይሰጣል። ቀድሞ የጠቀስነው 115፣ 82 እና 68 የሆነው መልክ በዚህ መንገድ በተመሳሳይ መጠን ቢገፋ ወደ 100፣ 67 እና 53 ይመጣል፤ ፊቱ ይጠቁራል፣ የ47ቱ ልዩነት ግን ሳይነካ ይቀራል። በፊተኛው መንገድ 66 ሆኖ እንደ ነበረ እናስታውስ።

ሆኖም ይህም መንገድ ዓይንን የሚያሳርፍ አይደለም። ብርሃኑ ብቻ ሲበረታ ቀለሙ በደማቁ ቦታ የደከመ፣ በጥላው ቦታ ደግሞ ጠንከር ያለ ሊመስል ይችላል፤ በገሃዱ ዓለምም ብርሃን ሲጠራ ቀለም ጥቂት ይጎላልና። ስለዚህ ካስፈለገ የቀለሙን ጕልበት በጥቂቱ፣ ለብቻው፣ እያዩ ማስተካከል ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በፊተኛው መንገድ ቀለሙን መሣሪያው ሳንጠይቀው ይለውጠዋል፣ በኋለኛው ግን የምንለውጠው እኛ ነን፤ ኃላፊነቱም የታወቀ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሥዕል ሳይነኩ በሌላ ቦታ ማስቀመጥም ለዚሁ ይጠቅማል፤ ዋናው ሰነድ ሳይጠፋ ግልባጭ እንደሚሠራበት መዝገብ ቤት ማለት ነው።

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች በቀን መቁጠሪያና በመጽሔት ላይ የሚወጣውን ሥዕል ስንመርጥ ዓይን የሚስበውን ብቻ ሳይሆን አገሩን የሚመስለውን እንምረጥ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ከፊደልና ከስሌት ጋር ሥዕል ማንበብንም ያስተምሩ፤ የሦስቱን ቍጥሮች ነገር በሒሳብ ክፍል ማስረዳት የሚከብድ አይደለም። ተማሪዎችም ስልካቸውን ይዘው ወደ መስክ ሲወጡ አንድ ልማድ ያውጡ፤ ሥዕሉን አስተካክለው ሲጨርሱ ከመላካቸው በፊት ቀና ብለው የተነሣውን ሰው ፊት ይመልከቱ። ጠይሙ በሥዕሉም ጠይም፣ ዳልቻው በሥዕሉም ዳልቻ ከሆነ ሥራቸው ተሳክቷል። ካልሆነ መግፊያውን ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ የተሳሳተው ሥዕሉ እንጂ ሰውዬው አይደለምና።